አወጣኸኝ

ስማቸውን አልጽፍም። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም እንደዚያው ይላቸዋል። የማልጽፍበት ምክንያት እያነበባችሁ ስትሄዱ የሚገባችሁ ይመስለኛል።

ሸጎሌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከዊንጌት ከፍ ስትሉ ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በክረምት መንገዱን ራሱ ይመርጣል። አምና ነሐሴ ላይ፣ አንድ ሌሊት የመረጠው የእኛን ግቢ ነበር። የእኛ ቤት ትንሽ ከፍ ስላለ በር ላይ ቆመ፤ እትዬ ቤት ግን ገባ። የጭቃው ግድግዳ በአንድ ጎኑ ሲናድ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እርጥብ ጆንያ መሬት ላይ ሲጣል እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ሮጬ ወጣሁ። የእትዬን የልጅ ልጆች ያወጡት ሌሎች ጎረቤቶች ናቸው። እኔ ያወጣሁት ስልኬን ነው።

ቪዲዮው 41 ሰከንድ ነው። እትዬ በሌሊት ልብሳቸው፣ ፀጉራቸውን ሳይሸፍኑ፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈዋል። የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ምነው… ምነው…» ይላሉ። ለማን እንደሚሉት አይታወቅም።

ጠዋት ቲክቶክ ላይ ጫንኩት፤ ከሥሩ የእናቴን የቴሌብር ቁጥር አደረግኩ። በሦስት ቀን 300 ሺህ ሰው አየው። ብሩም መጣ። ግድግዳው በብሎኬት ተሠራ፣ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተገዛ። እትዬ ጉልበቴን ሊስሙ ሲያጎነብሱ በስንት ልመና አስቆምኳቸው። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፤ የጻፍኩት ነገር የአንድ ሰው ጣሪያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት ላይ እትዬ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጡ አንዲት የማያውቋት ልጅ «ውይ! የምጣዷ ሴትዮ!» ብላ ስልኳን ደቀነችባቸው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እትዬ ራሳቸው ምንም አላሉኝም። በሳምንቱ ቡና ጠርተውን ተቀምጠን፣ አቦሉ አልቆ ቶናው እየተቀዳ፣ ከረከቦቱ ቀና ሳይሉ «አንተ ልጅ፣ አወጣኸኝ እኮ» አሉኝ።

አማርኛ እዚህ ላይ ክፉ ነው። ከጎርፍ የተረፈ ሰው «አወጣኝ» ይላል። አደባባይ የተሰጣ ሰውም «አወጣኝ» ይላል። የቱን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ፊታቸውን አይቼም መለየት አልቻልኩም። ምናልባት ሁለቱንም ነው።

ዝምታው ሲረዝም እናቴ ወሬ ለመቀየር ስለ በርበሬ ዋጋ ጀመረች። እትዬ ግን ከዚያው አልወጡም። «ያኔም ልጆች ሆነን እንዲህ አንስተውናል፣ ኮረም» አሉ። «ትከሻቸው ላይ ጥቁር ነገር ተሸክመው መጡ። መሣሪያ መስሎን ሮጥን። መሮጥ የቻልነው ማለቴ ነው።» እትዬ የወሎ ሰው መሆናቸውን አውቅ ነበር። በ77 መምጣታቸውን፣ እናታቸው እዚያው መቅረታቸውን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሃያ ምናምን ዓመት ጎረቤት ሆነን።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ላፕቶፔን ከፍቼ ጥቁር ነገር ትከሻው ላይ የተሸከመውን ሰው ፍለጋ ጀመርኩ።

*

እትዬ ያዩት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ኮረም ከዚያ በኋላ ብዙ ካሜራ አይታለች። የዓለምን ፊት ወደ ኮረም ያዞረው ሰው ግን መሐመድ አሚን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ተወለደ። ቤተሰቡ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጣ፣ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ዳሬሰላም አደገ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱን አቋቋመ። በ1966 ዛንዚባር ውስጥ ታስሮ አንድ ወር ገደማ ወህኒ ቆየ። ከዚያ በኋላ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥት ሁሉ እንደ ታክሲ ተራ የጠበቀ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ለቪስኒውስ ይቀርጻል፤ ቪስኒውስ ለዓለም ጣቢያዎች ያከፋፍላል። እኛ ስሙን አናውቀውም፤ ምክንያቱም በቴሌቪዥን የምናስታውሰው የሚናገረውን ሰው ነው፤ የሚቀርጸው ሰው የት እንደቆመ አይታይም።

በኮረም የሚናገረው ሰው የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ነበር። ዘገባው የተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ንጋት ነው፣ ብርድ ነው፣ ጭስ የመሰለ ጉም ነው፤ ከሥሩ መሬቱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ ቀስ ብሎ ነው ሰው መሆኑ የሚታወቀው። ቡርክ በንባቡ ረሀቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሀብ ጋር አመሳሰለው። ከ400 በላይ ጣቢያዎች አስተላለፉት፤ 470 ሚሊዮን ሰው አይቶታል ይባላል። ቦብ ጌልዶፍ ቤቱ ተቀምጦ አየው፤ በወሩ የባንድ ኤይድ ዘፈን ወጣ፤ በሐምሌ 1977 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ዱቄቱንም፣ ቀልዱንም።

ከዘገባው በፊት የነበረውን ወር ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ስታከብር ነበር። ቅስቶች ቆመዋል፣ ከተማው ቀይ ለብሷል፤ ወደ ሰሜን መሄድ የፈለገ የውጭ ጋዜጠኛ በዓሉ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። የራሳችን ጋዜጠኞችስ? በዓሉ ሰባት ወር ሲቀረው፣ የካቲት 1976፣ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ጽፎ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ማየትና መናገር ምን እንደሚያስከፍል ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። የእትዬን እናት ሞት ለዓለም የተናገረው የናይሮቢ ሰው የሆነው ለዚህም ጭምር ነው።

*

መሐመድ አሚንን ለብዙ ጊዜ፣ ስሙን ሳላውቅ፣ እጠላው ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ከውጭ ደንበኛ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነን፤ ሌሎች እስኪገቡ እየጠበቅን ሰውዬው በቅን ልቦና «እዚያ ምግብ እንደ ልብ ይገኛል?» አለኝ። ሳቅኩ። እንጀራ ሲበዛብን ነው የምንቸገረው ዓይነት ቀልድ ቀለድኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ካሜራዬን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከእኔ መወለድ በፊት የተቀረጸ ምስል፣ በእኔ ፊት ላይ ተለጥፎ፣ ከእኔ ቀድሞ ስብሰባ ይገባል።

ይህ ቁጣ የብዙዎቻችን ነው፤ ኮሜንት ሥር በየቀኑ እናየዋለን። «የሀገራችንን ገጽታ አበላሹ።» አሁን ግን ይህን ቁጣዬን በደንብ ሳየው የማልወደው ነገር አየሁበት። የተቆጣሁት ለማን ነው? ኮረም ሜዳ ላይ ለተኛችው እናት አይደለም። ለራሴ ነው። ለእኔ መልክ።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ ገመና። ገመና ድህነት ብቻ አይደለም፤ መሸፈን የሚገባው ነገር ሁሉ ነው። «ገመናዬን ሸፍንልኝ» ብለን ፈጣሪን እንለምናለን። ጎረቤት ማለትም ገመናህን የሚያውቅና የሚሸፍን ሰው ነው፤ እትዬ ስንት ቀን እናቴ ዱቄት ሲያልቅባት ማንም ሳያይ በነጠላቸው ሥር ይዘው እንደመጡ አውቃለሁ። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ደርግም እኮ በ77 የሕዝቡን ገመና ነው የሸፈነው፣ መሐመድ አሚን ነው የገለጠው» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ቀን ተቸግሬበታለሁ።

የደረስኩበት ይህ ነው፤ ጨርቁን ሳይሆን ከጨርቁ ሥር ያለውን ማየት። እትዬ በነጠላቸው የሸፈኑት የእናቴን ባዶ እንስራ ነው። የመስከረም 1977 ቀይ ጨርቅ የሸፈነው ግን የተራበውን ሰው አይደለም፤ የገዢውን ነው። የተራበው ሰው እማ መገለጥ ነበረበት፤ ካልተገለጠ ይሞታል። መንግሥት የራሱን ገመና በሕዝብ ስም ሸፈነ። እኔም በዚያ ስብሰባ ላይ የቀለድኩት ቀልድ፣ የኮሜንቱም «ገጽታ»፣ ከዚያው ጨርቅ የተቀደደ ነው። ይህን መጻፍ ደስ አይልም።

ስለዚህ መሐመድ አሚን መቅረጽ ነበረበት። በዚህ ጥርጣሬ የለኝም። በዚያ ረሀብ የሞተው ሰው ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል፤ ፊልሙ ባይኖር ቁጥሩ የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

ግን «ሕይወት አድኗል» ሲባል ክርክሩ የሚዘጋ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፤ «ጣሪያው ተሠርቷል፣ ምን ቀረ?» እል ነበር። ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ ልብሳችሁን ያስወልቃችኋል፤ ማስወለቅ አለበት፣ ካላየ አያክምም። ሲጨርስ ግን ያለብሳችኋል፤ ወይ መጋረጃውን ይስባል። ሐኪሙ አክሞ፣ አድኖ፣ እርቃናችሁን ኮሪደር ላይ ትቷችሁ ቢሄድ «አድኖሃል እኮ» የሚል መልስ ይበቃችኋል? ማዳኑ እውነት ነው። መጋረጃውም ዕዳ ነው። አንዱ ሌላውን አይከፍልም።

ካሜራ የሚያስወልቅ መሣሪያ ነው። የሚያለብስ ክፍል ግን አልተሠራለትም።

*

ሥራዬ ላይ «ሶፍት ዴሊት» የምንለው ነገር አለ። ተጠቃሚው «ሰርዝ» ሲጫን መረጃው አይጠፋም። ከጎኑ ያለች አንዲት ምልክት ከ«የለም» ወደ «አዎ» ትቀየራለች፣ ሲስተሙም ከዚያ በኋላ ያንን መረጃ ያላየ ይመስላል። መረጃው ግን እዚያው ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የአንድ ሰው ፎቶ ጠፋ ብለን አረንጓዴ ምልክት እናሳየዋለን፤ ፎቶው ሰርቨራችን ላይ ተኝቷል።

እትዬ «አወጣኸኝ» ባሉኝ ማታ ቪዲዮውን ከቲክቶክ አጠፋሁት። ስፈልገው በሌሎች ስድስት አካውንቶች አገኘሁት። አንዱ ሙዚቃ ጨምሮበታል። አንዱ «የመንግሥት ግፍ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎበታል፤ ሌላው ደግሞ «የአላህ ቁጣ/የእግዜር ቁጣ» ብሎ ሁለቱንም ጽፏል፣ ለጥንቃቄ መሰለኝ። የእትዬ «ምነው» የማንም መልስ ማጀቢያ ሆኗል።

ይህ የቲክቶክ ዘመን በሽታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ወጣት የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ወሎ ገብቶ ያንጊዜውን ረሀብ ቀረጸ፤ ፊልሙ በጥቅምት ወር እንግሊዝ አገር ታየ፣ ገንዘብም ተሰበሰበበት። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ግን እንዳለ አይደለም። በረሀብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ የንጉሡ ውሾች ገቡበት። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ወረዱ።

አስቡት። የወሎ እናት ልጇን ታቅፋ የተቀረጸችው ለእርዳታ ነው። በዓመቱ እሷ ሳታውቅ መንግሥት ገለበጠች። ንጉሡ መውረድ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔን የያዘኝ የእሷ ነገር ነው። ፊልሙን ቆርጦ የቀጠለው መንግሥት አሥር ዓመት ቆይቶ የሷን ዘመዶች ረሀብ በቀይ ጨርቅ ሸፈነ። ምስሉ ሲጠቅመው ገለጠ፣ ሲጎዳው ከደነ። እሷን ሁለቱንም ጊዜ የጠየቃት የለም።

የ77ቱ ምስልም ከዚህ አላመለጠም። ሰው ድርቁን አየ፤ ከድርቁ ጀርባ ያለውን ጦርነት ያየው ጥቂት ነው፤ ጦርነት እንደ ድርቅ ፎቶ አይወጣለትም። ምስሉ ምክንያት አይናገርም። ረሀቡን ይናገራል፣ ዝም ይላል፤ ዝምታውን ሌላ ሰው ይሞላዋል።

*

መቀሌ ላይ ክሌር በርትሺንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከሺህ በላይ ሕፃናት ይሰለፋሉ፤ መመገቢያው መያዝ የሚችለው 60 ወይም 70 አዲስ ልጅ ነው። እየዞረች ትመርጣለች። ያልመረጠቻቸው ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች። ቡርክ ይህ ምን እንደሚያደርጋት ጠየቃት፤ ያ ቃለ ምልልስ ዘገባው ውስጥ አለ። ለዓመታት ስለዚያ ምርጫ መናገር አቅቷት እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ስለ እሷ ሳነብ ያሰብኩት ካሜራውም እንዲሁ እየዞረ እንደሚመርጥ ነው። ከአርባ ሺህ ሰው የትኛው ፊት ፍሬም ውስጥ ይገባል? ነርሷ በመረጠችው ፊት ፊት መቆም ነበረባት፤ ስትመርጥ ያያታል። ካሜራ የያዘ ሰው ሲመርጥ ግን የመረጠውም አያውቅ፣ የተወውም አያውቅ። እኔ ያን ሌሊት ሁለት ቤት ወደታች ያሉ ሰዎችም ውሃ ገብቶባቸው ነበር። እነሱ ምጣድ አላቀፉም። አልቀረጽኳቸውም። ለነሱ ብር አልመጣም።

ከተመረጡት ፊቶች አንዷ ብርሃን ወልዱ ናት። የካናዳው ሲቢሲ ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርትና ቡድኑ በኅዳር ወር ገደማ መቀሌ ሲደርሱ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ነርስ ደቂቃዎች ብቻ ቀርተዋታል ብላ ነበር፣ መቃብር ተቆፍሮላታል። ተረፈች። ፊቷ ግን ከእሷ ቀድሞ ሄደ፤ ላይቭ ኤይድ ላይ በትልቁ ስክሪን፣ በዘፈን ታጅቦ፣ ዓለም አለቀሰበት። እሷ ያን ጊዜ ትግራይ ውስጥ ያለች፣ ፊቷ የት እንደደረሰ የማታውቅ ሕፃን ናት። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2005፣ ለንደን ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ማዶና እጇን ይዛ አቆመቻት።

እኔን ያቆመኝ ግን መድረኩ አይደለም። ስቱዋርት መመለሱ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ካሜራው ሥራውን ጨርሶ፣ ዓለም ወደ ሌላ ወሬ ዞሮ ሳለ፣ ያቺን ልጅ ፈልጎ አገኛት። ትምህርቷን ረዳ፤ ወዳጅነቱ ለዓመታት ቀጠለ። ጋዜጠኛ ይህን ማድረግ አለበት ወይ ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ባለሙያ ርቀቱን ይጠብቅ ይላሉ። ለቀረጸው ሰው ሁሉ መመለስ አይችልም፣ ይህ እውነት ነው። በርትሺንገርም ሁሉንም መመገብ አልቻለችም። አልቻለችም ብሎ ግን ማንም «ርቀትሽን መጠበቅሽ ጥሩ ነው» አላላትም።

*

መሐመድ አሚን ወደ ኢትዮጵያ ደጋግሞ ተመልሷል። አንዱ መመለሱ ሰፈሬን ይነካል፤ ቢያንስ የእናቴን ትዝታ።

ግንቦት 1983፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገብቶ፣ የከተማው የጥይት መጋዘኖች ፈነዱ። እናቴ ያን ሰሞን ሸጎሌ ላይ መስኮቱ እንደ ጥርስ ይንቀጫቀጭ እንደነበር፣ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ እንጦጦ ዛፍ ሥር ይሮጥ እንደነበር ትነግረኛለች፤ ስትነግረኝ አሁንም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ሁሉም በሚሸሽበት ሰዓት መሐመድ አሚን ወደ ፍንዳታው እየተጠጋ ይቀርጽ ነበር። አንዱ ፍንዳታ የድምፅ ባለሙያውን ጆን ማታይን ገደለ፣ የእሱን ግራ እጅ ወሰደ። በወራት ውስጥ ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት፣ ካሜራ እንዲይዝበት ተደርጎ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተጽፏል። የማታይ ስም ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ሲጻፍለት እምብዛም አላየሁም፤ እኔም ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠሁት።

ኅዳር 14 ቀን 1989፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961 ውስጥ ነበር። ሦስት ሰዎች ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ በል አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ መሐመድ አሚንም። ከተረፉት አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ሲከራከር እንደነበር ተናግረዋል።

የአውሮፕላኑን ክንፍ ውሃውን ሲነካና ሲሰበር ዓለም በዜና አይቶታል፤ ዛሬም ሁለት ደቂቃ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። የቀረጸው ጋዜጠኛ አይደለም። ባሕር ዳር ለጫጉላ የመጡ ቱሪስቶች ናቸው፤ ካሜራ በእጃቸው ነበር፣ አነሡ። ማን እንዳለበት አያውቁም ነበር። የስንቱን ሰው የመጨረሻ ሰዓት ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ሰው የራሱም ሳይጠየቅ ተቀረጸ። ይህን እንደ ቅጣት የሚያየው ሰው ክፉ ነው። እኔ ቪዲዮውን ስከፍት፣ ከ125ቱ የአንዱ ልጅ ይህን ስንት ጊዜ ከፍቶ ይሆን ብዬ ነው ያሰብኩት። ይጠላዋል ወይስ ያስቀምጠዋል?

*

ይህን ሁሉ እያነበብኩ ሳለ አንድ ቀን ለእትዬ የኮረሙን ፊልም ማግኘቴን ነገርኳቸው። መንገር የለብኝም ነበር እንዴ እያልኩ ነበር። «አለ?» አሉ። «ያኔ ያነሡት? አሁንም አለ?» አርባ ዓመት ሙሉ ያ ጥቁር ነገር የወሰደው የት እንደገባ የነገራቸው የለም። ኮረም ሜዳ ላይ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ፊልሙ ለንደን፣ ናይሮቢ፣ ቶሮንቶ፣ የማያውቁት ሰው ሳሎን ሁሉ ገባ፤ እሳቸው ጋ አልመጣም።

«እናቴ ፎቶ የላትም» አሉኝ። «መልኳ እየጠፋብኝ ነው። እስኪ ልየው።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጥያቄው መቅረጽ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚል ነበር፤ ከዚያም ማን መጋረጃውን ይስባል የሚል ሆነ። ምስሉ ለተቀረጸው ሰው ራሱ ሊያስፈልገው እንደሚችል ግን አንዴም አላሰብኩም። ስለ ክብራቸው ስጨነቅ የነበረው እንደ ተመልካች ነው።

ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። እናቴም መጣች። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። እኔ የቀጨጨውን ገላ፣ ዝንቡን፣ የተገነዘውን እያየሁ ፊቴን ሳዞር እሳቸው የሚያዩት ሌላ ነው። «ይቺ ጋቢ የላስታ ናት።» «እንዲህ ያለ ድንኳን ነበር፣ አዎ።» አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ካሜራው ስታዞር «አቁመው» አሉ። አቆምኩት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። «አይደለችም» አሉ። «ቀጥል።» መጨረሻው ሲደርስ ከመጀመሪያው ድገመው አሉኝ። ሦስት ጊዜ አየነው። እናታቸውን አላገኘንም። ሌላ ካለ ፈልግልኝ ብለውኛል፤ መሐመድ አሚን የተወው መዝገብ ናይሮቢ ነው ያለው፣ ልጁ ነው የያዘው፤ ኢሜይል ጽፌያለሁ።

ላፕቶፑን ስዘጋ እትዬ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየወለወሉ «የእኔውስ?» አሉኝ።

«የቱ?»

«የጎርፉ ነዋ። ያነሣኸኝ።»

አጥፍቼዋለሁ አልኳቸው። እውነት ነው ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ስልኬ ላይ ባይኖርም ባክአፑ ላይ አለ። አንዲት ምልክት ነው የተቀየረችው።

«እትዬ፣ አላዩትም እንዴ?»

«በምን ልየው?» አሉ። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ፤ በላስቲክ የታሰረች፣ ቁልፍ የምትጫን ስልክ ናት።

300 ሺህ ሰው። ገበያ ያለችው ልጅ። አካውንቱ የማይታወቅ ባለሙዚቃው። እሳቸው አላዩትም።

ከባክአፑ አውርጄ ከፈትኩላቸው። 41ዱን ሰከንድ ፊታቸው ሳይለወጥ አዩት። «ምነው… ምነው…» የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው እናቴ ወደ መሬት አየች። ሲያልቅ እትዬ ወደ ስክሪኑ ይበልጥ ተጠጉ፤ በጣታቸው ነኩት፤ ምስሉ ቆሞ ነበር።

«እይ» አሉ እናቴን። «ምጣዱ እኮ ያኔ ደህና ነበር። ኋላ ነው የተሰነጠቀው፤ እነዚያ ልጆች ሲያወጡት ነው የጣሉት።»